ግምጃ ቤት ሲደርስ አዲስ ነው

«ስለ አዳዲስ መጻሕፍት አንድ ነገር ጣል አድርጉ» ተብለን ብዕር አንስተናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን አዲስ ማለት ለማን ነው? አዲስ አበባ ላለ አንባቢ አዲስ መጽሐፍ ማለት ባለፈው ሳምንት የተመረቀ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ፣ ደራሲው ፊርማውን ያኖረበት ነው። ለኛ ለግምጃ ቤት ልጆች ግን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ይወለዳል። አንድ ጊዜ ማተሚያ ቤት፣ ሁለተኛ ጊዜ እንጅባራ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ሲወርድ። በሁለቱ ልደቶች መካከል አንዳንዴ ወር፣ አንዳንዴ ዐሥር ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያልፋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናነሣቸውን አይቶ «እነዚህ እኮ የቆዩ ናቸው» የሚል ቢኖር ቅሬታውን ለመንገዱ ያቅርብ። የአገራችን ስም ግምጃ ቤት ነው፤ ለመጽሐፍ ብቻ የቆመ ሱቅ ግን እስካሁን አላገኘንበትም።

እኛ ስንል ስድስት ነን። ከአንድ አገር ወጥተን በየዩኒቨርሲቲው የተበተንን፣ ክረምት ሲመጣ የምንገናኝ። የመጽሐፍ ዕቁብ ጥለናል። በየወሩ ሁላችን እናዋጣለን፤ ዕጣ የወጣለት የልቡን መጽሐፍ ይገዛል፤ የቀረነው ወደድንም ጠላንም እናነበዋለን። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ሳያነቡ መፍረድ አይቻልም። የታሪክ ተማሪው ሲደርሰው ታሪክ ይመጣል፤ የጤና ተማሪዋ ሲደርሳት ሰላይና ምስጢር ይመጣል (ለምን እንደሆነ እሷን ጠይቁ)፤ የሥነ ጽሑፉ ተማሪ ሲደርሰው ደግሞ አምስታችን ራሳችንን ይዘን እንቀመጣለን። የሚከተለው ዝብርቅርቅ ዝርዝር የዕጣ ሥራ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። በየምረቃው አዳራሽ የሚነገረው ንግግር ሂስ አይደለም፤ እንዳያማህ ጥራው እንዳይበላ ግፋው ነው። ደራሲው መድረክ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቤተሰቡ ፊት ወንበር ላይ ተደርድሮ፣ ማን ደፍሮ «ምዕራፍ ሦስት ይቆረጥ ነበር» ይላል? በሌላ ወገን ደግሞ አንድ ገጽ ፎቶ አንሥቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ሰውን መዘርጠጥም ሂስ አይደለም። በአባቶቻችን ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ነገር ነበር፤ እሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ የሚደረግ፣ ሰው ከእንጀራው የሚነሣበት ስለነበር ቃሉ ራሱ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ያስደነግጣል። እኛ የምንለው ሂስ ቀለል ያለ ነው። አንብበናል፤ ይህን ወደድን፤ ይህን አልወደድንም፤ ምክንያቱ ይኸውላችሁ።

ከታሪኩ እንጀምር፤ ብዙ ያከራከረን እሱ ነው። የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃም ታሪክ፣ ማለትም «የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከዓባይ እስከ ዓባይ»፣ ለብዙ ዘመን በእጅ ጽሑፍና በቅጂ ከሊቅ ወደ ሊቅ ሲተላለፍ ኖሮ በ2003 ዓ.ም. በግርማ ጌታሁን አዘጋጅነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። እኛ እጅ የገባው በቅርቡ ነው። ከዓባይ እስከ ዓባይ ሲል እኛንም ይጨምራል፤ አዊ ያለችው በዚያው በዓባይ ቀለበት ውስጥ ነውና።

መጀመሪያ ያስደነቀን የደራሲው ማንነት ነው። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ከዓባይ ማዶ ከኦሮሞ ወገን የተወለዱ፣ በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ወደ ጎጃም የመጡ፣ ቤተ ክህነት ገብተው የተማሩ፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ ሠዓሊና ጸሐፊ ናቸው። እንግዲህ የጎጃምን ትውልድ አንድ በአንድ ቆጥሮ የጻፈው በትውልድ ጎጃሜ ያልሆነ ሰው ነው! ዛሬ ስለ እገሌ ሕዝብ መጻፍ የሚገባው የእገሌ ልጅ ብቻ ነው እየተባለ ሲጮኽ ይህን መጽሐፍ ገልጦ ማሳየት በቂ መልስ ይመስለናል። ይሁንና ከመካከላችን አንዷ ወዲያው ተቃወመች። «ተማርኮ የመጣ ልጅ የማራኪውን ጌታ የዘር ሐረግ ሲጽፍ ማየት ለምን ያስደስታችኋል? እስቲ ስለ ራሱ እናት ምን ያህል ጻፈ?» አለች። ክርክሩ በዚያው አልበረደም፤ እኛም ልናበርደው አልፈለግንም። ጥያቄው መጽሐፉን ስናነብ ሁሉ ከጎናችን ተቀምጦ ነበርና።

ስለ አጻጻፉ ደፍረን እንናገር። ገጽ በገጽ «እገሌ እገሌን ወለደ» ነው። የማያውቁትን ስም መቁጠር ያሰለቻል። የአገር ልጅ ለሆነ ሰው ግን ድንገት መሐል ላይ የአያቱ አገር ስም፣ የሚያውቀው ወንዝ፣ በልጅነቱ ሲጠራ የሰማው ትውልድ ብቅ ሲልበት ልቡ ይዘላል። የአገውንም ትውልድ ይቆጥራል። እኛም ይህን ክፍል ለአንድ የመንደራችን ሽማግሌ አነበብንላቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ ሲያስቡ ግን በአውኚ ነው። በፀጥታ ሰሙና «ሰውዬው ጥሩ ጠይቋል፤ ግን ሌላም ሰው መጠየቅ ነበረበት» አሉን። ከዚያ ሰባቱን አገው በራሳቸው ቅደም ተከተል ቆጠሩልን። ከዚያ ያጠረ ሂስ እስከ ዛሬ አላነበብንም።

ለዚህም ነው ይህ መጽሐፍ እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ መጠቀሱ የሚያናድደን። አንዱ ከዚያ አንድ ገጽ መዝዞ «መሬቱ የኛ ነበር» ይላል፤ ሌላው ሌላ ገጽ መዝዞ «እናንተ መጤ ናችሁ» ይላል። አለቃ የጻፉት የሰሙትን ነው፤ ከብዙ አፍ የሰበሰቡትን፣ በዘመናቸው ዓይን ያዩትን። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በንጉሥ ምኒልክ ድል ሲሆኑ የነበረውን ነገር የሚያነብ ሰው ደራሲው በየትኛው ወገን እንደቆመ ማስታወስ አለበት። ቆሞ መጻፉ ነውር አይደለም። ነውሩ አንባቢው ያን ሳያይ ማለፉ ነው። የአዘጋጁ ማብራሪያ እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ የግርጌ ማስታወሻውን ዘሎ የሚያነብ ሰው ግማሹን መጽሐፍ ጥሎ እንደሄደ ይቁጠረው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ተቀምጦ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዳንግላ ሆኖ፣ በበቅሎ ዞሮ፣ ወንዛችንን ለክቶ። እኛ በአማርኛ አላገኘነውም። ቋንቋ የምታጠኑ ወዳጆቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ቸገረን ስትሉ እንሰማለንና ይኸው ርዕስ።

ወደ ልብ ወለድ እንለፍ። ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲውን በዓሉ ግርማን መጀመሪያ ሥራውን ያሳጣ፣ ቀጥሎም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ እንዳይመለስ ያደረገ መጽሐፍ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም። አዲሱ ነገር በ2017 ዓ.ም. በዴቪድ ዴጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ መውጣቱ ነው። ከባሕር ማዶ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ ሰው አንድ ቅጂ ይዞ ነበርና ለሁለት ሳምንት ተዋስነው፤ አማርኛውን በአንድ እጅ፣ እንግሊዝኛውን በሌላ እጅ ይዘን ተቀመጥን።

«ኦሮማይ አሁን ገና የዓለም መጽሐፍ ሆነ» ሲባል ሰምተናል። በዚህ አባባል አንስማማም። አባቶቻችን በጋዜጣ ሸፍነው ሲያነቡት፣ ተራ ይዘው በአንድ ሌሊት ጨርሰው ለሚቀጥለው ሲያቀብሉት፣ መጽሐፉ የማን ነበር? እንግሊዝኛው መውጣቱ ደስ ይላል፤ በዓሉን የሚያነብ ሰው መብዛቱ ደስ ይላል። ነገር ግን ዋጋው በዶላር የሚቆረጥ መጽሐፍ ለኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወተቷን ሌላ ይጠጣል።

ስለ ትርጉሙ ያየነው አንድ ነገር አለ፤ ጥፋቱም የተርጓሚዎቹ ሳይሆን የቋንቋው ነው። እንግሊዝኛ ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ለእርስዎም ያለው ቃል አንድ ነው። በአማርኛው ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ማን ማንን አንተ እንዳለ፣ ማን እርስዎ ብሎ እንደፈራ አይተን ሥልጣኑን እንለካለን፤ ወንድና ሴት ከእርስዎ ወደ አንቺ ሲወርዱ ፍቅር እንደተጀመረ እንነቃለን። ይህ በእንግሊዝኛው ሲያልፍ እንደ ወንፊት ነው፤ ዱቄቱ ያልፋል፣ አንድ ነገር ግን ላይ ይቀራል። ስለዚህ አማርኛ የሚችል ተማሪ እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ «ኦሮማይን ጨረስኩ» ቢለን አናምነውም።

መጽሐፉ ራሱስ? ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ቅስቀሳ አሥመራ ይወርዳል፤ እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ቀርታለች፤ እዚያ ፊያሜታ ጊላይ ትጠብቀዋለች። ስድስታችንም በአንድ ድምፅ የተስማማነው የናቅፋ ተራሮች ላይ ያለው የውጊያ ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ እንደሚበልጥ ነው። እዚያ ላይ ደራሲው ማጌጥ ይተዋል። ዓረፍተ ነገሩ ያጥራል፤ ሰው ይወድቃል፤ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ይመጣል። በሴቶቹ ላይ ግን ተከፋፈልን። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችን ፊያሜታ ለፀጋዬ የተሰጠች ስጦታ እንጂ በራሷ የቆመች ሰው አይደለችም ይላሉ። ስትገባም፣ ስትስቅም፣ ስትቆጣም የሱን ልብ ለመግለጥ ነው እንጂ ለራሷ አንድ ሐሳብ ይዛ አታድርም ይላሉ። ወንዶቹ «ዘመኑ ነው» ብለን ለመከላከል ሞከርን። «ሰብለ ወንጌል በ1958 ዓ.ም. ታትማ የለም እንዴ? እሷ ከፊያሜታ ቀድማ ለራሷ አታስብም ነበር?» ተባልንና ዝም አልን።

ግን መጽሐፉ ለምን አሁን ያዘን? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ጦርነት ተነሥቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አይተናል። በዚህ መካከል ስለ ሌላ ጦርነት፣ ሌላ ተራራ፣ በሁለቱም ወገን ስለሚዋሽ ወሬ የሚያወራ መጽሐፍ ማንበብ እንደ ድሮ ታሪክ አይሆንም። ፀጋዬ ሥራው ሕዝብን ማነሣሣት ነው፤ ቀስ በቀስ የሚያነሣሣበትን ቃል ራሱ መስማት ያቅተዋል። የመፈክር ቃላት እንዴት ከአፍ ውስጥ እንደሚሞቱ ያሳየ አማርኛ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ አላነበብንም።

ከዚያው ጋር ስለ ንባባችን ዘዴ አንድ ቃል። ቴሌግራም ላይ በነጻ የሚለቀቅ የመጽሐፍ ቅጂ የማያነብ ተማሪ የለም፤ አንዋሽ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ይጠብቃል ቢባልም ስልካችን አዋጅ አያነብም። በመካከላችን ያለው ክርክር እንዲህ ነው። አንደኛው ወገን «ደራሲው በሕይወት ካለና መጽሐፉ ገበያ ላይ ካለ ቅጂውን መጫን ከኪሱ መስረቅ ነው» ይላል። ሌላው ወገን «እኔ መጽሐፉን ለመግዛት የትራንስፖርቱ ብቻ የመጽሐፉን ዋጋ ያክላል፤ ባልገዛም ደራሲው የሚያጣው የለም» ይላል። ዕቁባችን የተጀመረው ከዚህ ክርክር ነው፤ ስድስት ሰው አንድ መጽሐፍ ቢገዛ ቢያንስ አንድ መጽሐፍ ተሸጠ። ኢንተርኔቱ በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ «እኔ ሁለት ሺህ መጽሐፍ በስልኬ ይዣለሁ» ሲል የነበረው ወዳጃችን ስልኩ ተበላሽቶበት ወረቀቱን ሊዋሰን መጣ። ሰጠነው፤ ግን ትንሽ ሳናስለምነው አልቀረንም።

ዴርቶጋዳ። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያወጣው። የጤና ተማሪዋ ዕጣ ነው። የሥነ ጽሑፉ ተማሪ ገና ሽፋኑን ሲያይ ፊቱን አጨፈገገ፤ ይህ ደግሞ የደንባችን ጥሰት ነው። በጣና ገዳማት ሥር የተሰወረ ምስጢር፣ ከአሜሪካ ሊመለስ የሚገባው ኢትዮጵያዊ ጠቢብ፣ ሰላይ በሰላይ ላይ። ሁላችንም በሦስት ሌሊት ጨረስነው፤ የተቃወመውም ሰውዬ በሁለት። እውነቱን ለመናገር ሰዎቹ ሰው አይመስሉም፤ ሁሉም ጠቢብ፣ ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አማርኛ ይናገራል። ጣናም ለምስጢር መጋረጃ ሆነ እንጂ ውኃው አልሸተተንም። ግን የመጽሐፉ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው። የተማረ ሁሉ ወደ ውጭ በሚጎርፍበት ዘመን «ይመለስ፣ እዚህም የሚሠራ ነገር አለ» የሚል ምኞት ነው በሽፋኑ ውስጥ ያለው። የአንዳችን ታናሽ ወንድም በሕይወቱ አንድ መጽሐፍ ያልጨረሰ ነበር፤ ይህን ጨርሶ ቀጣዩን ጠየቀ። ይህን የሠራ መጽሐፍ ላይ አፍንጫ መንፋት አይገባም። ከዚህ በላይ ብንል ግን ውዳሴ ይሆንብናል።

አዳም ረታ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ነው። ግራጫ ቃጭሎች የ1997 ዓ.ም. መጽሐፍ ነው፤ እኛ ዘንድ ዘንድሮ ደረሰ። አንድ ወር ፈጀብን፤ ሁለታችን ገና አልጨረስንም። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው መዝገቡ ዱባለን ትቶት ይሄዳል፤ የታገሠ ግን የአንድ ከተማ ልጅነት እስከ ሽታው ድረስ ይገባዋል። አዳም የሚያየውን ትንንሽ ነገር ሌላ ደራሲ አያየውም፤ የግድግዳ ስንጥቅ፣ የሰው አካሄድ፣ የዕቃ ድምፅ። የንግግሩ አማርኛ የሰፈር አማርኛ ነው፤ ሰው እንደሚናገረው ይጽፈዋል። ሕጽናዊነት ብሎ ስለሚጠራው አጻጻፉ የሥነ ጽሑፉ ተማሪ ሁለት ሰዓት አስረዳን፤ ታሪክ ከታሪክ እንደ እንጀራ ዓይን እርስ በርሱ ይያያዛል ነው ነገሩ። ገብቶናል። ያልገባን ለምን አንዳንድ ቦታ እንጀራው ከመጋገሩ በፊት ስለ ዓይኑ እንደሚወራ ነው። ቢሆንም ከስድስታችን ሦስቱ «አማርኛ ይህን ያህል ይችላል ወይ!» ብለን የተደነቅንበት መጽሐፍ ይህ ነው።

ከአሜን ባሻገር (በእውቀቱ ስዩም፣ 2008 ዓ.ም.) ፈጣን ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ጮክ ብሎ ያስቃል። ችግሩ ሳቁ ነው። ደራሲው አንድ ከባድ የታሪክ ጥያቄ ያነሣል፣ ሊመልሰው ሲል ይቀልዳል፣ እኛ እንስቃለን፣ ጥያቄውም እዚያው ይቀራል። ሆኖም «አሜን» ብሎ መቀበልን ብቻ ለተማረ ትውልድ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በእውቀቱ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ የፍቅር እስከ መቃብሩ በዛብህም ከዚያው ነው። ጎረቤታችን ማንኩሳ ሁለት ጊዜ ታድላለች፤ እኛ ገና ተራችንን እንጠብቃለን።

ተመስገን ገብሬ «የጉለሌው ሰካራም» በሚለው አጭር ልብ ወለዱ በትምህርት ቤት ስሙን የማናውቅ የለንም። ሕይወቴ የተባለው ግለ ታሪኩ ግን ደራሲው ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2001 ዓ.ም. ነው የታተመው። የጎጃም ሰው ነው፤ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ን እልቂት አዲስ አበባ ሆኖ በዓይኑ ያየ፣ ተርፎም የተሰደደ። ብዙ የታሪክ መጽሐፍ ያን ቀን በቁጥር ይነግረናል። እሱ የሚነግረን ሰው በየት በኩል እንደሮጠ፣ ማን ማንን እንደደበቀ ነው። ስለ ራሱ ሲናገር አንዳንዴ ጀግንነቱን ያበዛዋል የሚል ጥርጣሬ አለን፤ ግለ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት፤ የየዘመኑ ባለሥልጣናት ማስታወሻ ጋ ሲነጻጸር ግን የሱ ቀላል ነው። የባለሥልጣናቱን ሦስት አንብበናል፤ በሦስቱም ጥፋተኛው በስብሰባው ያልነበረው ሰው ነው።

አሁን ልባችንን ወደ ከበደው እንምጣ። ከአገራችን ልጆች አንዱ የግጥም መድብል አሳትሟል። ስሙን አንጠራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ለማተሚያው ገንዘብ ተበድሮ፣ መጽሐፉን በቦርሳ ይዞ በየመናኸሪያው ይሸጣል። ስለዚህ መጽሐፍ በዚህ ገጽ ጥሩ ጥሩውን ብቻ እንድንጽፍ ከብዙ ወገን ተለምነናል። «የናንተው ልጅ ነው፤ እናንተ ካላነሣችሁት ማን ያነሣዋል?» ተብለናል። የሚለምኑን ወላጆቻችን ናቸው፤ እንቢ ማለት ይከብዳል።

ግጥሞቹ ስልሳ ያህል ናቸው። ከስልሳው አርባው ስለ አገር ነው፤ በአርባውም አገር እናት ናት፤ በአርባውም ታለቅሳለች። ቤት መምታት ግጥም አይደለም። አንድ ስንኝ ሌላውን የሚጠራው በመጨረሻው ፊደል ብቻ ከሆነ ቤቱን እንጂ ሐሳቡን አልመታውም። ይህን የምንለው የቅኔ አገር ልጆች ሆነን ነው። ዋሸራ ሩቅ አይደለም። የቅኔ መምህር ተማሪው የዘረፈውን ቅኔ ሰምቶ ከሌላ የተሰማ ሲሆንበት ዝም አይልም፤ ይመልሰዋል። ተማሪውም አይቀየምም፤ ማታውን ያስብና ጧት ሌላ ይዞ ይመጣል። ወዳጃችንም ይህን ሥርዓት ያውቃል፤ አያቱ ቅኔ ቤት ነበሩ።

በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ግን አንድ አጭር ግጥም አለ። እናቱ በገበያ ቀን ድንች ተሸክማ ስትመለስ፣ ያልተሸጠውን ድንች ቤት አስቀምጣ መጀመሪያ የምታደርገውን ነገር ይናገራል። አገር የሚል ቃል የለበትም። ለቅሶ የለበትም። መስመሮቹ ቤት የሚመቱት እንደ ድንገት ነው። ይህን ስናነብ ስድስታችንም ዝም አልን፤ አንደኛችን ወጥቶ ሄደ። ይህን ግጥም የጻፈ ሰው ገጣሚ ነው። አርባውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው እንበል፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ይጻፋል ያሉት ሰዎች ናቸው የጻፉት። ይህን ለራሱ ፊት ለፊት ነግረነዋል። መጽሐፉንም ሁለት ሁለት ገዝተናል፤ ግዙለት፤ ዋጋውን አትከራከሩት። ገጽ 71ን መጀመሪያ አንብቡ።

ያም ግጥም ሌላ ጥያቄ አስነሣ። በአማርኛ ነው የተጻፈው፤ እናቱ ግን በአውኚ ነው የምታናግረው። በግጥሙ ውስጥ የተናገረችው አንድ ቃል ተተርጉሟል። አውኚ በአዊ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ነው፤ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ ታናናሾቻችን ከኛ የተሻለ ይጽፉታል። ሆኖም በአውኚ እጃችን የገባው አብዛኛው የመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ልጅ ተምሮበት የሚዘጋው። ለመዝናኛ የሚነበብ፣ በጨለማ ተደብቆ የሚነበብ የአውኚ መጽሐፍ እንፈልጋለን። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሲሰበሰብ ከየፈረሱ ጀርባ ስንት ታሪክ እንዳለ የአገር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ቴሌቪዥን ፈረሱን ይቀርጻል፤ ስለ ጋላቢው ልብ ወለድ የጻፈ ግን እኛ አላየንም። ገጣሚው ወዳጃችን ይህን ስንነግረው «እናንተስ?» አለን። የሥነ ጽሑፉ ተማሪ ያን ቀን ማታ ብዙ አላወራም።

የቀረው ጥቂት ነው። ራስን ስለ ማሻሻል፣ በሰላሳ ቀን ስለ መበልጸግ የሚሰብኩ ትርጉሞች ሁለት ገዝተን ነበር፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱን ያነበበ ሌላውን አንብቧል። የትርጉም ነገር ከተነሣ ግን ነቢይ መኮንን በእስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» (1982 ዓ.ም.) እንደገና ይነበብ። ነቢይ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ሲያርፍ ብዙ ሰው የወረቀቱን ታሪክ አወራ፤ የአማርኛውን ጥራት ያወራ ግን ጥቂት ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አያንስም።

መጻሕፍቱን መዋስ ለምትፈልጉ፤ የአለቃ ተክለ ኢየሱስ መጽሐፍ ከታሪኩ ተማሪ ዘንድ ነው፤ ሽማግሌው እንደገና እንዲነበብላቸው ስለጠየቁ እስከ መስከረም አይወጣም። የአማርኛው ኦሮማይ ነጻ ነው። ግራጫ ቃጭሎች ሁለት ሰው ተሰልፎበታል። ቡና ያፈሰሰ ይከፍላል። የሚቀጥለው ዕጣ የጤና ተማሪዋ ነው፤ ምን እንደምትገዛ አልነገረችንም።